ወደ አሜሪካ የሚደረግ ስደት ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ "የስደተኞች አገር" የምትባለው ለምንድን ነው?

ከነባሮቹ ሕዝቦች በቀር እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ወይ ራሱ ከሌላ ቦታ መጥቷል፣ ወይ አያት ቅድመ አያቱ መጥተዋል። በ2023 ከ47 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች ሌላ አገር የተወለዱ ነበሩ። ከመቶ 14 ገደማ መሆኑ ነው። በቁጥር ይህን ያህል ስደተኛ የሚኖርበት ሌላ አገር በዓለም ላይ የለም።

ስያሜው ግን አንዳንድ ነገር ይሸፍናል። ምድሪቱ ሰው ነበረባት። ነባሮቹ ሕዝቦች በገዛ አገራቸው ሁሉም ዜጋ ናቸው የተባሉት በ1924 ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ለተቀረው ዓለም በሩን ጠረቀመው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ከአውሮፓ መጀመሪያ የመጡት እንግሊዞች ናቸው?

አይደሉም፣ ስፔኖች ይቀድማሉ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሴንት ኦገስቲንን የቆረቆሩት በ1565 ነው። እንግሊዞች ቨርጂኒያ ላይ ጄምስታውንን የመሠረቱት በ1607 ነው። ደቾች ኒውዮርክ ላይ፣ ጀርመኖች ደግሞ ፔንሲልቬኒያ ላይ ሰፈሩ። ቋንቋውና ሕጉ የእንግሊዝ ሆኖ ስለቀረ ነው ሌሎቹ የተረሱት።

በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን እንደ ስደተኛ ይቆጠራሉ?

ስደት ቢያንስ የራስን እግር ማንሣት ይጠይቃል። እነሱ ተሸጠውና ታስረው ነው የመጡት። በእንግሊዝ ቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ የደረሱት በ1619 ነው። ከአፍሪካ በቀጥታ ወደ ዛሬዋ አሜሪካ የተጋዙት 400,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ባሪያ ከውጭ ማስገባት በሕግ የተከለከለው በ1808 ነው፤ ባርነቱ ራሱ ግን እስከ 1865 ቀጠለ።

ስለዚህ ስደተኛ ናቸው ማለት ይከብዳል፤ የስደቱን ታሪክ ያለ እነሱ ማውራትም አይቻልም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ አሜሪካ ምድር ላይ የተወለደ ሰው ዜጋ ነው አለ። በ1870 ደግሞ አፍሪካ ተወልዶ የመጣ ሰው ዜግነት መጠየቅ እንዲችል ተፈቀደ። ዛሬ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ የዜግነት ፎርም የሚሞላው ሐበሻ የሚራመደው እነሱ በከፈሉት ዋጋ በተጠረገ መንገድ ነው።

ድሮ ቪዛ ያስፈልግ ነበር?

ለረጅም ጊዜ አያስፈልግም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አውሮፓዊ የሚያስፈልገው የመርከብ ቲኬት ነው። ቪዛ የለ፣ ኮታ የለ፣ የድንበር ፖሊስ የለ። በ1882 በነፍስ ወከፍ 50 ሳንቲም ግብር ተጣለ፤ ወንጀለኛ፣ የአእምሮ ሕመምተኛና "ራሱን መቻል የማይችል" የተባለ ሰውም ተከለከለ። ከዚያ ውጪ የመጣ ይገባል።

መግባትና ዜጋ መሆን ግን ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የ1790ው ነው። ከመጤዎች ዜግነት የሚሰጠው "ነጻ ለሆነ ነጭ ሰው" ብቻ ነው አለ። ይህች ቃል ወደፊት ስንት ጣጣ እንደምታመጣ ታች ታያላችሁ።

ኤሊስ አይላንድ ላይ ምን ይደረግ ነበር?

ኤሊስ አይላንድ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለች ደሴት ናት። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ተከፍታ በ1954 ተዘጋች። 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎባታል። መጀመሪያ የተመዘገበችው አኒ ሙር የምትባል የ17 ዓመት የአየርላንድ ልጅ ነበረች፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ ነው የመጣችው።

አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ የተሳፈረው እዚያው መርከቡ ላይ ታይቶ ይወርዳል። ወደ ደሴቲቱ የሚጋዘው ከታች ታጭቆ የመጣው ድኻ ነው። ጓዙን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ቆመው ያዩታል። ማን ያነክሳል? ማን ያለከልካል? የተጠረጠረው ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል፤ ለልብ ኤች፣ ለዓይን ኢ፣ ለአእምሮ ኤክስ። ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው ያለፉ ብልጦች ነበሩ ይባላል። ከሁሉ የሚፈራው የዓይን ምርመራው ነው። የጫማ ቁልፍ ለመቆለፍ በተሠራች ቆልማማ ብረት የዓይን ቆብ ይገለበጣል፤ ትራኮማ የተገኘበት አብዛኛውን ጊዜ በመጣበት መርከብ ይመለሳል።

ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ስንት ብር ይዘሃል? ማን ጋ ነው የምታርፈው? ከሁሉም ተንኮለኛዋ "ሥራ አግኝተሃል ወይ?" የምትለው ናት። "አዎ፣ ቀጣሪ እየጠበቀኝ ነው" ያለ ጉድ ይፈላበታል፤ ምክንያቱም በ1885 የወጣ ሕግ ከውጭ ተዋውሎ ሠራተኛ ማስመጣትን ይከለክላል። ዛሬ ቀጣሪ ስፖንሰር ፍለጋ ለሚሯሯጥ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ደህና መልስ "ሥራ የለኝም፣ ግን ጉልበት አለኝ" ዓይነት ነበር። ጤነኛው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ጨርሶ የተመለሰው ከመቶ ሁለት ገደማ ነው።

እዚያ የስደተኞችን ስም ይቀይሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። መርማሪዎቹ ስም አይጽፉም ነበር። የሚሠሩት የመርከብ ኩባንያው መነሻው ወደብ ላይ ባዘጋጀው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ ነው፤ አስተርጓሚም ነበራቸው። ስም የተቀየረው ባብዛኛው በኋላ፣ በባለቤቱ በራሱ ነው። አሠሪው መጥራት ሲያቅተው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሾፍበት፣ ወይም ዜግነት ሲወስድ። እኛም ጋ ያለ ነገር ነው።

አይሪሾችና ጣሊያኖች እውነት ይጠሉ ነበር?

በደንብ እንጂ። በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ሲረግፍ ሕዝቡ በረሀብ አለቀ፤ የቻለ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ፕሮቴስታንቱ አሜሪካዊ ግን ካቶሊክ ሁሉ ለሮማው ጳጳስ የሚታዘዝ ይመስለው ነበር። በ1844 ፊላደልፊያ ውስጥ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1850ዎቹ ስደተኛን በመቃወም ብቻ የቆመ ፓርቲ ኮንግረስ ገብቶ ነበር። በ1891 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ መንጋ ወኅኒ ቤት ሰብሮ ገብቶ 11 ጣሊያኖችን ገደለ።

ከ100 ዓመት በኋላ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች "እነዚህ አዲሶቹ እኮ እንደኛ አይደሉም" ሲሉ ትሰማላችሁ።

ቻይናውያን ለምን በሕግ ተከለከሉ?

ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ ሲባል ብዙ ቻይናዊ መጣ። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው፣ በ1869 የተጠናቀቀው የባቡር ሐዲድ ምዕራባዊ ክፍል የተሠራው ባብዛኛው በእነሱ ጉልበት ነው፤ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዐለት እየፈለፈሉ። ሐዲዱ አልቆ ኢኮኖሚው ሲንገዳገድ "ሥራችንን ወሰዱብን" ተባለ። በ1880 መላው አሜሪካ ውስጥ የነበሩት ቻይናውያን 105,000 ገደማ ነበሩ። ከ50 ሚሊዮን ሕዝብ መሐል! ይህም ሆኖ በ1882 ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ እንዳይገባ ታገደ። ሕጉ መጀመሪያ ለ10 ዓመት ነበር፣ ተራዘመ፣ በኋላም ቋሚ ሆነ። የተሻረው በ1943፣ ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ አጋር ስትሆን ነው። ያኔም የተፈቀደው በዓመት ለ105 ሰው ብቻ ነው።

ሰው ግን መላ አያጣም። ነጋዴና የዜጋ ልጅ መግባት ይችል ነበር። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የከተማዋን የልደት መዝገብ አጠፋው። ብዙ ሰው "እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ቻይና ልጆች አሉኝ" ብሎ አስመዘገበ። እነዚያ በወረቀት ብቻ የተወለዱ ልጆች ቦታቸው ይሸጥ ነበር። የገዛው ጎረምሳ መርከቡ ላይ የ"አባቱን" መንደር እየሸመደደ ይመጣል።

መንግሥትም ነቅቶበታል። ከ1910 እስከ 1940 ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ላይ ባለችው ኤንጅል አይላንድ ሰው እያሰሩ ይመረምሩ ነበር። ቤታችሁ ስንት መስኮት አለው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? ጎረቤታችሁ ስንት ልጅ አለው? መልሱ ከ"ቤተሰቡ" መልስ ጋር ካልገጠመ ይመለሳል። ኒውዮርክ ላይ በሰዓታት የሚያልቀው እዚህ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። እስረኞቹ በእንጨቱ ግድግዳ ላይ የቀረጿቸው የቻይንኛ ግጥሞች ዛሬም ይታያሉ። ኤምባሲ "ጋብቻችሁ እውነተኛ መሆኑን አስረዱ" ተብሎ፣ ሚስቱ በየትኛው ጎን እንደምትተኛ የተጠየቀ ሰው ካለ፣ የጥያቄው ዘር ማንዘር ከየት እንደሆነ አሁን ያውቃል።

የ1924ቱ ሕግ ምንድን ነው? ለኢትዮጵያስ ምን ደረሳት?

በዚህ ሕግ አሜሪካ ለእያንዳንዱ አገር ኮታ መደበች። ስሌቱ ላይ ተንኮል አለበት። በ1890 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ የተገኙትን የዚያን አገር ተወላጆች ትወስድና 2 በመቶውን ትሰጣለህ። በእጅ ላይ የ1920 ቆጠራ እያለ ለምን የ1890ው? ጣሊያኖች፣ አይሁዶች፣ ፖላንዶችና ግሪኮች በብዛት የመጡት ከ1890 በኋላ ስለሆነ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአንዳንድ ዓመታት ከ200,000 በላይ ሰው የላከችው ጣሊያን 3,845 ቦታ ተሰጣት። ጀርመን 51,227 አገኘች።

ኢትዮጵያ የደረሳት 100 ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር። ቻይናና ጃፓንም ወረቀት ላይ 100 ነበራቸው። ግን በዚያ ቁጥር የሚገባው እዚያ የተወለደ ሌላ ዘር ነው እንጂ ቻይናዊው ራሱ አይደለም። ፌዝ ነው የሚመስለው።

ኮታው በሰላም ጊዜ ቁጥር ነው፤ በክፉ ቀን ነፍስ ይሆናል። በ1939 "ሴንት ሉዊስ" የተባለችው መርከብ ባብዛኛው ከናዚ የሸሹ አይሁዶችን፣ በጠቅላላው 937 ተሳፋሪዎችን ይዛ ኩባ ደረሰች። ኩባ ጥቂቱን ተቀብላ ሌላውን ከለከለች። አሜሪካም የጀርመን ኮታ ሞልቷል፣ ወረፋ ጠብቁ አለች። መርከቧ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ከተመለሱት 254ቱ በናዚዎች ዘመን አለቁ።

ሜክሲኮዎች መቼ ነው መሰደድ የጀመሩት?

የመጀመሪያዎቹ አልተሰደዱም። በ1848 አሜሪካ ሜክሲኮን አሸንፋ ካሊፎርኒያን፣ ኒው ሜክሲኮንና ሌላውን ሰፊ መሬት ስትወስድ፣ ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ አገራቸው ተቀየረ። የ1924ቱ ኮታም ሜክሲኮን አልነካም፤ የቴክሳስና የካሊፎርኒያ ገበሬዎች ጉልበቱን ይፈልጉት ነበር። በ1930ዎቹ ኢኮኖሚው ሲወድቅ በመቶ ሺዎች ተባረሩ፣ መሐላቸው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ጦርነት መጥቶ ሠራተኛ ሲጠፋ ደግሞ በ1942 በኮንትራት ተጠሩ። ፕሮግራሙ እስከ 1964 ቆየ፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ኮንትራት ተፈርሞበታል። ሲፈለጉ ና፣ ሳይፈለጉ ሂድ።

ከ1965ቱ ሕግ በኋላ ለእነሱም ጣሪያ ተቀመጠ። እርሻው ግን ያንኑ ሰው ይፈልጋል፣ ሰውየውም መንገዱን ያውቀዋል። ትናንት በኮንትራት ሲመላለስ የነበረው ነገ ወረቀት የሌለው ተባለ።

በ1965 ምን ተቀየረ?

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 ከነጻነት ሐውልቱ ሥር ተቀምጠው አዲሱን ሕግ ፈረሙ። የዘርና የትውልድ አገር ኮታ ቀረ። ዘመኑ የጥቁሮች የሲቪል መብት ትግል የደረሰበት ነው፤ ቤት ውስጥ ዘረኝነት ተከልክሎ በር ላይ ማስቀጠል አልተቻለም። ቅድሚያ የሚያገኘው አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ ያለው ሆነ።

አስቂኙ ነገር፣ የቤተሰብ ቅድሚያው እንዲጠነክር ያደረጉት ከኦሃዮ የተመረጡት የኮንግረስ አባል ማይክል ፊገን ናቸው። ቤተሰብ ያለው አውሮፓዊ ስለሆነ፣ የሚመጣውም አውሮፓዊ ይሆናል የሚል ስሌት ነበር። ጆንሰንም ሕጉ አብዮት አይደለም ብለው ነበር። አውሮፓ ግን በዚያን ጊዜ ደልቷት ነበር፤ ማን ይመጣል? አንድ ህንዳዊ ሐኪም ገባ፣ ሚስቱን አመጣ፣ ወንድሙን አመጣ፣ ወንድሙ ሚስቱን አመጣ። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የነበረው አፍሪካ የተወለደ ሰው 80,000 ገደማ ነበር፤ ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራል።

ኢትዮጵያውያን መቼ መምጣት ጀመሩ?

ተማሪዎች ቀድመዋል። ስመ ጥሩው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው፤ በ1920ዎቹ መጥተው በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በ1937 መሥርተው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ አስተባበሩ። በንጉሡ ዘመን የሚሄደው በአብዛኛው ዲግሪውን ይዞ የሚመለስ ነበር። አገሩ ገብቶ ወንበር ይጠብቀዋል።

ደርግ ሲመጣ ያ ቀረ። እዚያ የነበረው ተማሪ ባለበት ቀረ። ከቀይ ሽብር የተረፈው ደግሞ በእግሩ ሱዳን ገባ። በ1980 አሜሪካ የስደተኞች ሕግ አወጣች። ከዚያ በፊት ሪፊውጂ የሚባለው በተለይ ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸ ነበር፤ አሁን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ የተሳደደ ሁሉ ሆነ። በ1980ዎቹ ከአፍሪካ በዚህ መንገድ ከገቡት አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ የወጡ ናቸው። ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱት፣ የመኪና ማቆሚያ የጠበቁት፣ አዳምስ ሞርጋን ላይ ምግብ ቤት የከፈቱት እነዚህ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለውን ሰፈር በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" ብላ ሰይማለች።

ዲቪ ለአፍሪካውያን ታስቦ የወጣ ነው?

እንዲያውም ለአይሪሾች ነው! የ1965ቱ ሕግ የቤተሰብ ሆነና፣ ዘመዶቹ ከመጡ ሦስት አራት ትውልድ ያለፈው አይሪሽ መግቢያ አጣ። በ1980ዎቹ ቦስተንና ኒውዮርክ ወረቀት በሌላቸው የአየርላንድ ወጣቶች ተሞሉ። ከማሳቹሴትስ የተመረጡት የኮንግረስ አባል ብራያን ዶኔሊ በ1986 የመጀመሪያውን የዕጣ ዓይነት ፕሮግራም አስገቡ። የ1990ው ሕግ ደግሞ ዲቪን ፈጠረ፤ እስኪጀመር ድረስ ለሦስት ዓመት በሽግግር ከሚሰጠው ቪዛ 40 በመቶው ለአይሪሾች እንዲያዝ ተደረገ።

መደበኛው ዲቪ ለ1995 በጀት ዓመት ሲጀምር አየርላንድ ኢኮኖሚዋ እየተነሣ ነበር። ለአንዱ የተደገሰውን ሌላው በላው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው መሙላት ይችላል መባሉ አፍሪካን ጠቀመ። እስከ 2003 ድረስ ማመልከቻው በፖስታ ነበር የሚላከው። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ሆነ፤ አዲስ አበባ የኢንተርኔት ካፌ በር ላይ "ዲቪ እንሞላለን" የምትል ወረቀት ያላየ አለ?

"ነጭ" ማን እንደሆነ ፍርድ ቤት ወስኗል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከ1870 በኋላ ዜግነት የሚያገኘው መጤ ነጭ ወይም አፍሪካዊ ነው። በመሐል ያለውስ? ታካኦ ኦዛዋ የሚባል አሜሪካ የተማረ ጃፓናዊ በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ "ነጭ ማለት የቆዳ ቀለም ሳይሆን ኮኬዢያን የሚባለው ዘር ነው፣ አንተ ደግሞ አይደለህም" ብሎ አሰናበተው። ከሦስት ወር በኋላ ባጋት ሲንግ ቲንድ መጣ። የፑንጃብ ተወላጅ ነው፣ የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ በዘመኑ ሳይንስ መሠረት ኮኬዢያን ነኝ አለ። ፍርድ ቤቱ አሁን ደግሞ "ሳይንሱ አይደለም፣ ተራው ሰው ነጭ የሚለው ነው" አለ። ያው ፍርድ ቤት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ በሕግ ዜግነት መጠየቅ ሲችል ጃፓናዊው አይችልም ነበር። ይህ የዘር ገደብ የተነሣው በ1952 ነው።

"አያቴ በሕጋዊ መንገድ ነው የመጣው" ለሚል ሰው ምን ይባላል?

እውነቱን ነው ይባላል። ግን የትኛውን ሕግ ነው የጠበቀው? በ1905 የመጣ አያት ቪዛ አልጠየቀም፣ ወረፋ አልጠበቀም፣ ምክንያቱም ወረፋ አልነበረም። ቲኬት ገዝቶ፣ ዓይኑን አስገልብጦ ገባ። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ ወንድሙን ለማምጣት ከ10 ዓመት በላይ ይጠብቃል። "ወረፋ ይዘህ ና" የሚባለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆምበት ወረፋ ራሱ የለውም፤ ቤተሰብ ከሌለው፣ ቀጣሪ ከሌለው፣ ዕጣ ካልወጣለት።

አሁን ያለው ስደተኛ በታሪክ ከፍተኛው ነው?

በ2023 በነበረው ቁጥር አዎ። በመቶኛ ስናየው ግን በ1890 ከሕዝቡ 14.8 በመቶ ስደተኛ ነበር፤ የ2023ቱ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ዝቅተኛው በ1970 የተመዘገበው 4.7 በመቶ ነው፤ የ1924ቱ ሕግ ውጤት። ዛሬ ሽማግሌ የሆነ አሜሪካዊ ያደገው በዚያ ስደተኛ በቀነሰበት ዘመን ነው። "ድሮ እንዲህ አልነበረም" ሲል ስለ ልጅነቱ ትክክል ነው። ስለ አያቱ ዘመን ግን ተሳስቷል።